ምግብ ማብሰልና የአንቲባዮቲክ ቅሪት

የአንቲባዮቲክ ቅሪት ለከብት፣ ለበግ፣ ለፍየል፣ ለዶሮ ወይም ለእርባታ ዓሣ ከተሰጠ ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ውስጥ ከእንስሳው አካል ሳይወገድ በሥጋ፣ በወተት፣ በእንቁላል ወይም በዓሣ ውስጥ የሚቀረው ክፍል ነው። ምግብ ማብሰል ይህን ቅሪት ሊቀንሰው ይችላል፤ የሚቀንስበት መጠን ግን በመድኃኒቱ ዓይነት፣ በሙቀቱ ልክ፣ በማብሰያው ጊዜና በምግቡ አሠራር ይለያያል። አንዳንዱ መድኃኒት በፈላ ውሃ ውስጥ በጥቂት ደቂቃ ይፈርሳል፤ ሌላው ሰዓታት ቢቀቀልም ብዙም አይለወጥም። ስለዚህ ማብሰል ሥጋንና ወተትን ከጀርም የሚጠብቅ ዋና መንገድ ቢሆንም ከመድኃኒት ቅሪት ለመጠበቅ ብቻውን አይበቃም። ዋናው መከላከያ መድኃኒት የተሰጠው እንስሳ እስከሚታረድበት ወይም ወተቱ እስከሚጠጣበት ቀን ድረስ መቆየት ያለበት ጊዜ ነው። ይህም የመጠበቂያ ጊዜ ይባላል።

ጉዳዩ በዓለም ላይ በይበልጥ የተጠናው በእርባታ ዓሣና ሽሪምፕ፣ በአሳማ፣ በዶሮና በላም ወተት ላይ ነው። በኢትዮጵያ፣ በተለይም እንደ ደቡብ ጎንደር ዞን ምሥራቃዊ ወረዳዎች (ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ) ባሉ የደጋና የወይና ደጋ አካባቢዎች፣ ጥያቄው በዋናነት የሚነሣው በከብትና በበግ ሥጋ እንዲሁም በወተት ላይ ነው። በእነዚህ ቦታዎች ውሃ የሚፈላበት ሙቀት ዝቅ ያለ መሆኑም ውጤቱን ይለውጠዋል።

ቅሪት እንዴት እንደሚፈጠር

በመርፌ፣ በአፍ ወይም በጡት ቀዳዳ የተሰጠ መድኃኒት በደም አማካይነት ወደ መላ አካል ይሠራጫል። ከዚያም ጉበት ይለውጠዋል፣ ኩላሊት በሽንት ያስወጣዋል፤ ከፊሉ በወተትና በእበት ይወጣል። በዚህ ምክንያት በሂደቱ መካከል በታረደ እንስሳ ላይ ኩላሊትና ጉበት ከቀይ ሥጋ የበለጠ ቅሪት ይይዛሉ።

ከሁሉም የላቀ መጠን የሚገኘው ግን መርፌው በተወጋበት ቦታ ነው። ለምሳሌ 300 ኪሎ ግራም ለሚመዝን በሬ በኪሎ 20 ሚሊ ግራም ሒሳብ 20 በመቶ የሆነ ኦክሲቴትራሳይክሊን ቢሰጥ በጠቅላላው 30 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ይህ ብዙውን ጊዜ ለሦስት ቦታ ተከፍሎ ይወጋል። በአንዱ ቦታ የገባው 10 ሚሊ ሊትር 2 ግራም መድኃኒት ይይዛል። ለቀይ ሥጋ የተፈቀደው ጣሪያ በኪሎ 200 ማይክሮ ግራም ስለሆነ ይህ 2 ግራም በእኩል ቢበተን 10,000 ኪሎ ሥጋን እስከ ጣሪያው ሊያደርስ የሚችል መጠን ነው። ስለዚህ ከተወጋ ጥቂት ቀን ብቻ በሆነው እንስሳ ላይ የመርፌው ቦታ ያለበትን የአንገት ወይም የታፋ ቁራጭ የበላ ሰው የሚያገኘው መጠንና ሌላውን ሥጋ የበላው የሚያገኘው መጠን እጅግ ይራራቃሉ።

በገጠር ቅሪት ወደ ምግብ የሚገባባቸው ዋና ዋና መንገዶች የሚከተሉት ናቸው።

- የታመመ እንስሳ ታክሞ ሳይሻለው ሲቀር «ሳይሞት ይታረድ» ተብሎ ወዲያው ማረድ።
- ለበዓል ወይም ለገበያ የተቀለበ በሬ ወይም በግ ከመሸጡ በፊት ታክሞ፣ ገዢው ይህን ሳያውቅ በጥቂት ቀን ውስጥ ማረዱ።
- የጡት በሽታ ያለባትን ላም በጡቷ ቀዳዳ በሚገባ መድኃኒት እያከሙ ወተቷን መጠጣት ወይም መሸጥ።
- ለሰው የተሠራ የቴትራሳይክሊን ካፕሱል ፈትቶ ለዶሮ በውሃ መስጠትና እንቁላሉን ያለ ገደብ መብላት።

በድንገት የታመመ እንስሳን ማረድ ከቅሪት የባሰ አደጋም አለው። እንስሳው የታመመው በአባ ሰንጋ ከሆነ በማረድና ሥጋውን በመገነጣጠል ብቻ በሽታው ወደ ሰው ይተላለፋል፤ የባክቴሪያው ዘር ሙቀትን ስለሚቋቋም ማብሰልም አስተማማኝ መከላከያ አይሆንም።

የሚፈቀደው የቅሪት መጠን

የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት በጋራ ያቋቋሙት የኮዴክስ አሊሜንታሪየስ ኮሚሽን ለየመድኃኒቱ ከፍተኛ የቅሪት ጣሪያ ያወጣል። አንድ ማይክሮ ግራም የአንድ ግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ከጣሪያዎቹ መካከል፦

- ኦክሲቴትራሳይክሊንና ሌሎች ቴትራሳይክሊኖች፦ በከብት ቀይ ሥጋ በኪሎ 200፣ በጉበት 600፣ በኩላሊት 1,200፣ በወተት በሊትር 100 ማይክሮ ግራም። ለዓሣ ሥጋ ጣሪያው በኪሎ 200 ነው።
- ቤንዚልፔኒሲሊን፦ በቀይ ሥጋ፣ በጉበትና በኩላሊት በኪሎ 50፣ በወተት 4 ማይክሮ ግራም።
- ሰልፋዲሚዲን፦ በሥጋ በኪሎ 100፣ በወተት 25 ማይክሮ ግራም።

ለክሎራምፌኒኮልና ለናይትሮፉራን ቤተሰብ መድኃኒቶች ግን የተፈቀደ ጣሪያ የለም። ለሰው ምግብ በሚውል እንስሳ ላይ ጨርሶ እንዳይውሉ በብዙ አገሮች ተከልክለዋል።

እነዚህ ጣሪያዎች የሚለኩት በጥሬው ምግብ ላይ ነው። በማብሰል የሚጠፋው መጠን አስተማማኝ ስላልሆነ ተቆጣጣሪዎች ሸማቹ አብስሎ እንደሚቀንሰው ቆጥረው ጣሪያውን አያላሉም።

ሙቀት በየመድኃኒቱ ላይ የሚያስከትለው ለውጥ

የመድኃኒትን መፍረስ ለመግለጽ ብዙ ጊዜ «የግማሽ ዕድሜ» ይጠቀሳል። ይህም በተወሰነ ሙቀት ላይ ከመድኃኒቱ ግማሹ እስኪፈርስ የሚወስደው ጊዜ ነው።

ኦክሲቴትራሳይክሊን፦ በኢትዮጵያ ገጠር ለከብትና ለበግ በብዛት ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1950 ከአፈር ባክቴሪያ የተገኘ ሲሆን ቴራማይሲን በሚለው የንግድ ስሙም ይታወቃል። ሙቀትን ከማይቋቋሙት ወገን ነው። በብሪታንያ በ1990ዎቹ በተደረገ ጥናት በ100 °ሴ ውሃ ውስጥ የግማሽ ዕድሜው 2 ደቂቃ ገደማ፣ በ180 °ሴ ዘይት ውስጥ ደግሞ 8 ደቂቃ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። በሥጋ ውስጥ ግን ሙቀቱ ወደ መካከል የሚደርሰው ቀስ ብሎ ስለሆነና መድኃኒቱ ከፕሮቲንና ከካልሲየም ጋር ስለሚያያዝ በልዩ ልዩ የማብሰያ ዘዴዎች የቀነሰው ከ35 እስከ 94 በመቶ ነበር። ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። በኪሎ 1,000 ማይክሮ ግራም የያዘ ሥጋ 94 በመቶ ቢቀንስ 60 ይቀረዋል፤ 35 በመቶ ብቻ ቢቀንስ ግን 650 ይቀረዋል፤ ይህም ከጣሪያው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው።

ቤንዚልፔኒሲሊን፦ በተመሳሳይ ጥናቶች በ65 °ሴ ሳይፈርስ የሚቆይ ሆኖ ተገኝቷል። ከዚያ በላይ ባለ ሙቀት፣ በፈላ ውሃም ሆነ በጋለ ዘይት፣ የግማሽ ዕድሜው ከ15 እስከ 60 ደቂቃ ነው። ስለዚህ አንድ ሰዓት ሙሉ በፈላ ውሃ ውስጥ ቢቆይ ከመጀመሪያው መጠን ከአሥራ ስድስት አንድ እስከ ግማሽ ድረስ ሊቀር ይችላል።

ሰልፋ መድኃኒቶች፦ ሰልፋዲሚዲን በፈላ ውሃ ውስጥ አይፈርስም። ሥጋው ሲቀቀል በሥጋው ውስጥ ያለው መጠን ቢቀንስ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ወደ መረቁ መውጣቱ ነው።

ኩዊኖሎኖች፦ ኤንሮፍሎክሳሲን፣ ኦክሶሊኒክ አሲድና ፍሉሜኩዊን በተለመደው የማብሰያ ሙቀት አይፈርሱም። እነዚህም ወደ መረቁ ይወጣሉ።

ክሎራምፌኒኮልና ናይትሮፉራን፦ ክሎራምፌኒኮል ለረጅም ጊዜ ቢቀቀልም አብዛኛው ይቀራል። ናይትሮፉራን በእንስሳው አካል ውስጥ ፈጥኖ ይለወጥና ትራፊው ከሥጋው ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል። ሥጋው ቢጠበስ፣ በምድጃ ቢጋገር ወይም በማይክሮዌቭ ቢበስል ከዚህ ትራፊ ከ67 እስከ 100 በመቶ እንደሚቀር ተረጋግጧል።

የማብሰያ ዘዴዎችና የኢትዮጵያ ምግቦች

ቁርጥ፣ ክትፎና ዱለት፦ ጥሬ ሥጋ ሲበላ ቅሪቱ ሳይነካ እንዳለ ይበላል። ለብ ለብ የተደረገ ክትፎም ከጥሬው ብዙም አይለይም፤ የውስጡ ሙቀት መድኃኒቱን ለማፍረስ አይበቃምና። ዱለት ጉበት ስለሚገባበትና ብዙ ጊዜ በጥሬው ወይም ለብ ተደርጎ ስለሚበላ ሁለቱን ችግሮች በአንድነት ይይዛል፤ ከፍ ያለ ቅሪት ያለበት ክፍልና አነስተኛ ሙቀት። በእርድ ቀን ጉበቱን በጥሬው መቅመስም እንዲሁ ነው።

ጥብስ፦ የድስቱ ወይም የምጣዱ ሙቀት ከፍተኛ ቢሆንም የሥጋው ውስጥ ውሃ እስካለበት ድረስ ከ100 °ሴ አያልፍም፤ ጊዜውም አጭር ነው። ትንንሽ ተደርጎ የተከተፈና በደንብ የደረቀ ጥብስ ከትልልቅ ቁራጭ የበለጠ ቅሪት ያጣል።

ወጥና ቅቅል፦ ረጅም ጊዜ ስለሚበስሉ ኦክሲቴትራሳይክሊንን በመቀነስ ከሁሉም የተሻሉ ናቸው። ነገር ግን መረቁ አይደፋም። በውጭ አገር ጥናቶች «በመቀቀል የቀነሰ» ተብሎ ከሚቆጠረው ውስጥ አንዱ ክፍል ወደ ውሃው የወጣው መድኃኒት ነው። ወጡ ከነመረቁ በእንጀራ በሚበላበትና የቅቅሉ መረቅ በሚጠጣበት ገበታ ላይ ይህ ክፍል ተመልሶ ወደ ሰው ይገባል። ስለዚህ ለሰልፋና ለኩዊኖሎን መድኃኒቶች ወጥ መሥራት ቅሪቱን ከሥጋው ወደ መረቁ ማዛወር ብቻ ነው።

ቋንጣ፦ ያለ እሳት ስለሚደርቅ መድኃኒቱን በሙቀት አያፈርስም። ውሃው ሲወጣ ሥጋው ስለሚቀል በአንድ ኪሎ ቋንጣ ውስጥ የሚገኘው መጠን በአንድ ኪሎ ጥሬ ሥጋ ውስጥ ከነበረው ሊበልጥ ይችላል። ሲጠበስ በሚወጣው ውሃ ምክንያት ጥብስም በአነስተኛ ደረጃ ይህንኑ ጠባይ ያሳያል።

ወተትና የወተት ውጤቶች

ወተት በፓስተር ዘዴ ሲታከም በ63 °ሴ ለ30 ደቂቃ ወይም በ72 °ሴ ለ15 ሰከንድ ይሞቃል። ይህ ጀርሞችን ለመግደል የተወሰነ ልክ ሲሆን አንቲባዮቲክን የሚቀንሰው በጥቂቱ ነው። በቤት ውስጥ አንድ ጊዜ ገንፍሎ የወረደ ወተትም ተመሳሳይ ነው። ለመድኃኒቶች መፍረስ ከባድ ለውጥ የታየው ወተት በ120 °ሴ ለ20 ደቂቃ ሲቆይ ነው፤ ይህ ደግሞ በቤት ምድጃ የሚደረስበት አይደለም። ወተትን ማፍላት የሳንባ ነቀርሳንና የብሩሴላ ጀርምን ስለሚገድል ቅሪቱን ባያጠፋም መተው የለበትም።

እርጎ፦ ወተትን የሚያረጉት ባክቴሪያዎች ለፔኒሲሊን በቀላሉ የሚሸነፉ ናቸው። በጡት በሽታ ከታከመች ላም የታለበ ወተት ሳይረጋ ወይም ዘግይቶ ሊረጋ ይችላል። ወተቱ አለመርጋቱ ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ብርድና የዕቃው አጠባ ወይም አጠና መለወጥም ያዘገየዋል። በሌላ በኩል ወተቱ መርጋቱ ቅሪት የለውም ማለት አይደለም፤ ከጣሪያው የሚያልፍ ሁሉ መርጋትን አይከለክልምና።

ቅቤና አይብ፦ ፔኒሲሊንና ኦክሲቴትራሳይክሊን በውሃ የሚሟሙ በመሆናቸው እርጎው ሲናጥ አብዛኛው ክፍል በቅቤው ሳይሆን በአሬራው ውስጥ ይቀራል። አሬራው አይብ እንዲሆን የሚሞቀው በለዘብተኛ እሳት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 70 °ሴ ባለው ሙቀት ስለሆነ መድኃኒቱን ብዙም አያፈርሰውም። ቀሪው በአይቡና በአጓቱ መካከል ይከፋፈላል።

ዓሣና የባሕር ምግብ እርባታ

በዓሣና በሽሪምፕ እርባታ መድኃኒት የሚሰጠው በመኖ ተደባልቆ ነው። ኦክሲቴትራሳይክሊን፣ ኦክሶሊኒክ አሲድ፣ ፍሉሜኩዊንና ፍሎርፌኒኮል በብዛት ከሚሠራባቸው መካከል ናቸው። ከላይ እንደተገለጸው የመጀመሪያው በሙቀት ሲቀንስ ኦክሶሊኒክ አሲድና ፍሉሜኩዊን አይቀንሱም። ኦክሲቴትራሳይክሊን ከካልሲየም ጋር ስለሚያያዝ በዓሣ አጥንትና ቆዳ ውስጥ ይጠራቀማል። ኦክሶሊኒክ አሲድም በአጥንት ውስጥ ስለሚቆይ ዓሣው ከነአጥንቱ ሲበስል ወደ ሥጋው ሊወጣ እንደሚችል በሳልሞን ዓሣ ላይ ታይቷል።

እ.ኤ.አ. በ2001 እና በ2002 የአውሮፓ ኅብረት ከእስያ በገባ የእርባታ ሽሪምፕ ውስጥ ክሎራምፌኒኮልና የናይትሮፉራን ትራፊ በማግኘቱ ብዙ ጭነት ታግዷል። ሁለቱም መድኃኒቶች ማብሰልን የሚቋቋሙ መሆናቸው ሸማቹ በቤቱ ሊያስተካክለው የማይችለው ጉዳይ አድርጎታል።

የዓሣ የመጠበቂያ ጊዜ በቀን ብቻ ሳይሆን በውሃው ሙቀትም ይለካል፤ ዓሣ ቀዝቃዛ ደም ያለው ስለሆነ በቀዝቃዛ ውሃ መድኃኒቱን ቀስ ብሎ ያስወግዳል። በአውሮፓ ከሚሠራባቸው ልኮች አንዱ 500 ዲግሪ-ቀን ነው፤ በ25 °ሴ ውሃ 20 ቀን፣ በ10 °ሴ ውሃ 50 ቀን ማለት ነው።

በኢትዮጵያ ለምግብ የሚውለው ዓሣ በአብዛኛው ከሐይቅና ከወንዝ የሚጠመድ እንጂ በእርባታ የሚገኝ አይደለም። ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ቅርብ የሆነው ትልቅ የዓሣ ምንጭ ጣና ሐይቅ ነው። ከጣና የሚወጡት ቆሮሶና አምባዛ በመኖ መድኃኒት የተሰጣቸው ስላልሆኑ በዚህ መንገድ የሚመጣ ቅሪት አይኖርባቸውም። የኩሬ ዓሣ እርባታ እየተስፋፋ ሲሄድ ግን ስለ ከብት የተነገረው ሁሉ ለዓሣም ይሠራል።

ከፍታና የመፍያ ሙቀት

በጥናቶች የሚጠቀሰው «የፈላ ውሃ» 100 °ሴ ያለው በባሕር ጠለል አካባቢ ነው። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። በ2,000 ሜትር ከፍታ ወደ 93 °ሴ፣ በ3,000 ሜትር ወደ 90 °ሴ ነው።

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ በጉና ተራራ ዙሪያ ካለው ውርጫማ ደጋ እስከ ዓባይና በሽሎ ሸለቆዎች ቆላ ድረስ የሚወርድ መሬት ላይ ያሉ ናቸው። በላይ ጋይንት ዋና ከተማ በነፋስ መውጫና በጉና ግርጌ ባሉ ቀበሌዎች ከፍታው 3,000 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ስለሆነ በድስት የሚፈላ ወጥ ከ90 °ሴ ብዙም አያልፍም። በቆላው የበሽሎ ዳር ያው ወጥ በ95 °ሴ ገደማ ይፈላል።

የኬሚካል መፍረስ ፍጥነት በ10 ዲግሪ ልዩነት በአብዛኛው በእጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ይለወጣል። ስለዚህ በ100 °ሴ የተለካ የግማሽ ዕድሜ በደጋው ድስት ውስጥ ይረዝማል፤ በባሕር ጠለል ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ለውጥ በጉና ግርጌ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። በደጋ ሥጋም ሆነ ባቄላ ለመብሰል ብዙ ጊዜ የሚወስደው በዚሁ ምክንያት ነው። እንፋሎት አፍኖ በግፊት የሚያበስል ድስት የመፍያ ሙቀቱን ከፍ በማድረግ ይህን ልዩነት ያጠብበዋል።

በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች

እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት ከአዲስ አበባ፣ ከቢሾፍቱና ከአዳማ ቄራዎች 384 የከብት ሥጋና ኩላሊት ናሙና ተመርምሮ በ71.3 በመቶው ኦክሲቴትራሳይክሊን ተገኝቷል። በቢሾፍቱና በአዳማ የወተት እርባታዎች በተደረገ ሌላ ጥናት ከ400 የወተት ናሙና በ48ቱ፣ ማለትም በ12 በመቶው፣ የኦክሲቴትራሳይክሊን ወይም የፔኒሲሊን ቅሪት ተገኝቷል። «ተገኘ» ማለት ሁልጊዜ ከጣሪያው በላይ ነው ማለት አይደለም፤ ሆኖም እንስሳት የመጠበቂያ ጊዜያቸውን ሳይጨርሱ ወደ ቄራና ወደ ገበያ እንደሚደርሱ ያሳያል።

እነዚህ ናሙናዎች የተወሰዱት ከከተማ ቄራና ከትልልቅ እርባታ ነው። በገጠር ወረዳዎች አብዛኛው እርድ የሚፈጸመው በግቢ ወይም በቅርጫ ስለሆነ በላብራቶሪ አይታይም። በእንዲህ ያለ ቦታ የመድኃኒቱን ታሪክ የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው።

በጤና ላይ የሚያስከትለው

ፔኒሲሊን ለማይስማማው ሰው አነስተኛ መጠን ያለው ቅሪት እንኳ የቆዳ ሽፍታ ወይም ከዚያ የከፋ አለርጂ ሊያስነሣ ይችላል። ክሎራምፌኒኮል አልፎ አልፎ የአጥንት መቅኔ ደም መሥራቱን እንዲያቆም የሚያደርግ ገዳይ ሕመም ስለሚያስከትል ጣሪያ ሳይወጣለት ተከልክሏል። ለረጅም ጊዜ በጥቂት በጥቂቱ የሚበላ ቅሪት በአንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን እንዲላመዱ ያግዛል፤ ሰውየው በታመመ ጊዜ ያው መድኃኒት ላያድነው ይችላል።

ማብሰል በዚህ ረገድ ሌላ ጥቅም አለው። መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች ራሳቸው እንደማንኛውም ባክቴሪያ በሙቀት ይሞታሉ። ስለዚህ በደንብ የበሰለ ሥጋና የፈላ ወተት ቅሪቱ ባይጠፋ እንኳ የተላመደው ጀርም ወደ ሰው እንዳይተላለፍ ይከላከላሉ።

የመጠበቂያ ጊዜ

የመጠበቂያ ጊዜ ከመጨረሻው መድኃኒት ቀን ጀምሮ የሚቆጠር ሲሆን በመድኃኒቱ ብልቃጥ ላይ ለሥጋና ለወተት ለየብቻ ይጻፋል። ከአንድ አምራች ወደ ሌላው ስለሚለያይ የሚታመነው የብልቃጡ ጽሑፍ ወይም የእንስሳት ሐኪሙ ትእዛዝ ነው። ለረጅም ጊዜ የሚሠራው 20 በመቶ ኦክሲቴትራሳይክሊን በብዙ አምራቾች ጽሑፍ ላይ ለከብት ሥጋ 28 ቀን ገደማ ይታዘዝለታል።

ይህ ቀን ከበዓል አቆጣጠር ጋር ሲታይ ትርጉሙ ግልጽ ይሆናል። የዓቢይ ጾም እኩሌታ ከሆነው ከደብረ ዘይት እሑድ እስከ ፋሲካ ልክ 28 ቀን ነው። ስለዚህ ከደብረ ዘይት በኋላ በዚህ መድኃኒት የታከመ በሬ ወይም ሰንጋ ለፋሲካ ቅርጫ ጊዜው አልደረሰም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ያልታከመውን ማረድና የታከመውን ማቆየት ብቸኛው አስተማማኝ መፍትሔ ነው።

በተግባር የሚጠቅሙ ሌሎች ጥንቃቄዎች፦

- መድኃኒት የተሰጠበትን ቀን፣ የመድኃኒቱን ስምና የተወጋበትን ቦታ መዝግቦ መያዝ፤ ሲሸጥም ለገዢው መንገር።
- እንስሳ ሲገዛ በቅርብ ጊዜ ታክሞ እንደሆነ መጠየቅ።
- በጡት በሽታ የምትታከም ላምን ወተት ጊዜው እስኪያልፍ ለይቶ ማስወገድ፤ አንዱ ጡት ብቻ ቢታከምም መድኃኒቱ በደም ወደ ሌሎቹ ሊደርስ ይችላል።
- የተወጋ ቦታ ላይ ያበጠ፣ የጠቆረ ወይም ቢጫ ቀለም የያዘ ሥጋ ሲገኝ በዙሪያው ሰፋ አድርጎ ቆርጦ መጣል።
- ስለ እንስሳው ሕክምና ጥርጥር ካለ ጉበቱን፣ ኩላሊቱንና ጥሬ ሥጋውን መተው።

ሕግና ቁጥጥር

በኢትዮጵያ የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728/2004 የእንስሳት መድኃኒት የሚመዘገብበትን፣ የሚሸጥበትንና የሚታዘዝበትን ሥርዓት ደንግጓል። ይህን ሥራ የያዘው ባለሥልጣን ኋላ ከሌሎች የግብርና ተቆጣጣሪ ተቋማት ጋር በኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ሥር ተጠቃሏል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ የምግብን ደኅንነት ይመለከታል። በወረዳ ደረጃ ለአርቢው ቅርብ የሆኑት የእንስሳት ጤና ኬላዎችና በዚያ የሚሠሩ ባለሙያዎች ናቸው። መድኃኒት በገበያ ቀን ያለ ባለሙያ ሲገዛና ሲወጋ ግን የመጠበቂያ ጊዜውን የሚናገር ሰው አይኖርም፤ ሥጋው ድስት ውስጥ ከገባ በኋላም ያንን ስሕተት ሙሉ በሙሉ የሚያርም የአበሳሰል ዘዴ የለም።